ያልለፋ እንጨት

አንድ ሰው ክምር ፊት ቆሞ ክንዱን እስከ ክርኑ ድረስ ክምሩ ውስጥ ከተተ።

ክምሩ ቀዝቃዛ ነበር።

ወገኖቼ፣ ከእናንተ መካከል ኮምፖስት የሠራ ሰው ካለ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። የሚብላላ ኮምፖስት ይግላል። እጅ ያቃጥላል። ማለዳ ሲገልጡት እንደ ድስት ይጨሳል። የዚህ ሰው ክምር ግን አምስት ወር ሙሉ ውሃ ሲጠጣ፣ ፍግ ሲጫንበት ከርሞ፣ ቀዝቅዞ ጠበቀው። እጁን ሲያወጣ አንድ ቅርፊት ይዞ ወጣ። የባሕር ዛፍ ቅርፊት ነው። አገላብጦ አየው። በገባበት ቀን እንደነበረው ነው። አልጠቆረም። አልላላም። አምስት ወር!

ከኋላው አሥር ቤተሰብ ቆሞ ያየዋል። ምን ይበላቸው?

ነገሩ እንዲህ ነው። ከአንዲት የወረዳ ከተማ ዳር፣ ወንዙ አጠገብ፣ ድሮ እንጨት መሰንጠቂያ የነበረበት ቦታ አለ። መሰንጠቂያው ሲዘጋ ቅርፊቱ፣ ስንጥሩና ሰጋቱራው ኮረብታ አክሎ እዚያው ቀረ። ዝናብ መታው፤ አፈር ገባበት፤ ለምድጃ እንኳ የሚወስደው ጠፋ። ማዘጋጃ ቤቱ ዕድሜያቸውን በኪራይ ቤት የጨረሱ አሥራ አንድ ቤተሰቦችን ጠርቶ፣ «ይህን ክምር በዘጠኝ ወር ውስጥ ወደ ኮምፖስት ለውጡት። ከቻላችሁ መሬቱን አልምታችሁ ብሉ። ካልቻላችሁ ለሌላ እንሰጠዋለን» አላቸው።

ሊቀመንበር አድርገው የመረጡት ያንን እጁን የከተተውን ሰው ነው። ታምሬ ይባላል። ታምሬ ገብረሕይወት። የመረጡት አፍ ስላለው ነው እንጂ ትምህርቱስ እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው።

እዚህ ላይ ፈገግ ያላችሁ አላችሁ፤ አያለሁ። ወረቀት የሌለው ሰው ቆሞ ሲናገር ሰዓታችሁን ታያላችሁ፤ ይህንንም አያለሁ። ግን ያ ሰው ከስድስተኛ ክፍል ለምን እንደወጣ ማን ጠየቀ? አንዳችሁ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ?

እኔ ልንገራችሁ። መምህሩ ልጆቹን ተራ በተራ እያስነሡ «አባትህ ምን ይሠራል?» ይሉ ነበር። አንዱ ገበሬ አለ። አንዷ ነጋዴ አለች። ተራው ታምሬ ላይ ደረሰ። ተነሣና «ቆዳ ያለፋል» አለ።

ከኋላ አንዱ «ፋቂ» አለ። አንዷ አፍንጫዋን ያዘች። መምህሩ አልተቆጡም። ፈገግ ብለው፣ «በል አንተ መስኮቱ አጠገብ ሂድና ተቀመጥ። አየር ይግባ» አሉት።

ይኸው ነው። አንዲት ንግግር። መምህሩ ደወል ሳይደወል ረስተዋት ይሆናል። ልጁ ግን ሠላሳ ዓመት ተሸከማት። በዚያው ዓመት ደብተሩን ጣለ፤ ጥቂት ከፍ ሲል የግማሽ ቀን መንገድ በእግሩ ተጉዞ፣ ወንዙን ተሻግሮ ከተማ ገባ። ቀበሌ ሄዶ ሲመዘገብ «ያባት ስም?» አሉት። ዞር ብሎ በመስኮት አየ። ከመንገዱ ማዶ አንድ ሱቅ ነበር፤ በሩ ላይ «ገብረሕይወት» ተብሎ ተጽፏል።

«ገብረሕይወት» አለ።

በዘሩ ገብረሕይወት የሚባል ሰው የለም። ወገኖቼ፣ ይህ ሰው አባቱን ከሱቅ በር ላይ አንብቦ ወሰደ።

እንግዲህ ክምሩ ገና ሳይከመር፣ ትርንጎ የምትባል ወጣት የግብርና ባለሙያ መጥታ ነበር። ቅርፊቱን አንሥታ ልትሰብረው ሞከረች፤ እምቢ አላት።

«ጋሽ ታምሬ፣ ይህ እንዲሁ ቢከመር አይበሰብስም» አለችው። «እንጨት በሩን ዘግቶ የሚቀመጥ ነገር ነው። መጀመሪያ ይከተከት። ከዚያ በአመድ ውሃ ይዘፍዘፍ፤ በደንብ ይልፋ። ከለፋ በኋላ በከብት ሽንትና በፍግ እናርሰዋለን። ያኔ ሻጋታውም ትሉም መግቢያ ያገኛል።»

ሽንት አልኩ። በቤተ ክርስቲያን ሽንት ተባለ ብላችሁ አትሸማቀቁ። ከዚህ የባሰ የምንሸማቀቅበት ነገር ይመጣል።

«ምን ይሁን አልሽ?» አላት ታምሬ።

«ይልፋ። እንደ ቆዳ ማለቴ ነው።»

እትዬ ዝናሽ የምትባል የማኅበሩ አባል አለች፤ ምላሷ ሥራ ፈትቶ የማያውቅ ባልቴት። «እንግዲያው ፋቂ እንጥራ በሉኛ!» አለች። ሁሉም ሳቀ።

ታምሬም ሳቀ። ከሁሉም አስበልጦ ሳቀ። ሰው እንዳያየው የፈለገ ሰው እንዴት እንደሚስቅ ታውቃላችሁ? ዓይኑ እስኪያነባ ሳቀ። ከዚያ ፊቱን ኮስተር አድርጎ፣ «ስሚ ልጄ፣ እኛ የልማት ማኅበር ነን እንጂ ቆዳ አልፊ አይደለንም። እንጨት ነው፤ ይከመራል፤ ይበሰብሳል። አለቀ» አላት።

አያውቅም ነበር ትላላችሁ? ያውቃል! በአባቱ ጉድጓድ ዳር ያደገ ሰው ነው። የሰባት ዓመት ልጅ ሆኖ የአመዱን ውሃ በሁለት ጣቱ እያሸ «አባባ፣ ደርሷል» ይል ነበር። የደረቀ ነገር ሳይዘፈዘፍ፣ ሳይለፋ ለምንም እንደማይሆን ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል በእጁ የሚያውቀው እሱ አንድ ብቻ ነበር። አውቆ ነው የከመረው። የአሥራ አንድ ቤተሰብ መሬት ከሚድን የሱ ስም ቢድን መረጠ።

እንግዲህ ወደ ቀዝቃዛው ክምር እንመለስ። ቅርፊቱን እንደያዘ ቆሟል።

«ኧረ እንዴት ያለ ቅርፊት ነው!» አለች እትዬ ዝናሽ። «እኔ በአምስት ወር አረጀሁ፤ እሱ እንደ ሙሽራ ተጠብቆ ኖሯል!»

የሳቀ የለም። እሷም ሳቋ አልመጣ አላት። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ፣ «ታዲያ መሬቱስ ታምሬ? አራት ወር እኮ ነው የቀረን» አለችው።

ትርንጎ «አልነገርኳችሁም ነበር ወይ?» አላለችም። የተማሩ ሁሉ እንደሷ ቢሆኑ ምን ነበረበት! «ከወንዙ ማዶ አንድ አባት አሉ» ነው ያለችው። «አቶ ወዳጆ ይባላሉ። ዕድሜያቸውን ቆዳ ሲያለፉ የኖሩ ናቸው። እኔ በወረቀት ካነበብኩት እሳቸው በእጃቸው የሚያውቁት ይበልጣል። ልኬባቸዋለሁ፤ ነገ ይመጣሉ።»

ቅርፊቱ ከታምሬ እጅ ወደቀ።

በማግስቱ ሽማግሌው መጡ። አጭር ሰው ናቸው። ኮታቸው ክርኑ ላይ ተጥፏል፤ ጣቶቻቸው እስከ አንጓው ጠቁረዋል። በሩ ላይ ቆመው ሰዉን ዞረው አዩ። ታምሬ ላይ ሲደርሱ ዓይናቸው ቆመ። እናቱ ከተቀበረች ወዲህ፣ ዘጠኝ ዓመት አላዩትም።

ልጃቸው ይጀምር ብለው ጠበቁት።

ትርንጎ ምን ታውቃለች? «ተዋወቁ እንጂ» አለች። «ሊቀመንበራችን ናቸው።»

ሰውየው እጁን ዘረጋ። ለወለዱት አባቱ እጁን ዘረጋና ስሙን ሙሉውን ነገራቸው፦ «ታምሬ ገብረሕይወት።»

ሽማግሌው እጁን ጨበጡ። ቶሎ አልለቀቁትም።

«ወዳጆ እባላለሁ» አሉ። ከዚያ ቀስ ብለው፣ እንደ እንግዳ ሰው፣ «አባትዎ በሕይወት አሉ?» ብለው ጠየቁት።

አባት ልጁን አንቱ አለ፤ ሰማችሁ? በልጅነቱ አዝለው ወንዝ ያሻገሩትን ልጅ «አባትዎ» አሉት። ይህ ቁጣ አልነበረም። በር ነበር። ገርበብ አድርገው የተዉለት በር ነበር። አንድ ቃል ብቻ፣ «አሉ» ቢል ይበቃ ነበር።

«የሉም» አለ።

«ነፍሳቸውን ይማር» አሉ ሽማግሌው። እጁን ለቀቁና ወደ ትርንጎ ዞሩ። «በይ ልጄ፣ አመዱ የታል?»

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ሥራ ሆነ። ከየቤቱና ከዳቦ ቤቱ አመድ ተሰበሰበ፤ ተነፋ። ጉድጓድ ተቆፍሮ ላስቲክ ተነጠፈ። የቀዘቀዘው ክምር ተናደ። ቅርፊቱንና ስንጥሩን በገጀራ ከተከቱት፤ ሰጋቱራውን ለብቻ ዘፈዘፉት። ሽማግሌው ውሃውን በሁለት ጣታቸው እያሹ፣ እንደ ሳሙና ሲያሙለጨልጭ «በቃው» ይላሉ። በየቀኑ አንድ ስንጥር አውጥተው በአውራ ጣታቸው ላይ ያጥፉታል። ቀጭ ካለ ይመልሱታል። «ገና ነው። አልለፋም።» በስምንተኛው ቀን ስንጥሩ ሳይሰበር ተጠመዘዘ። «ይኸው ለፋ» አሉ። ውሃው ተንጠፈጠፈ፤ እንጨቱ ታጠበ፤ ሽንቱና ፍጉ ገባበት፤ ተከመረ።

ጆሯቸው! እግዜር ያሳያችሁ፣ በዚያ ዕድሜ እንዲያ ያለ ጆሮ! ጉድጓዱ ላይ ጎንበስ ብለው አረፋው ሲፈነዳ ያዳምጣሉ። አንድ ቀን እትዬ ዝናሽ ከወዲያ ማዶ ለጎረቤቷ «ሽታው ገደለኝ» ብላ ብታንሾካሽክ፣ ቀና ሳይሉ «አይዞሽ፣ ነገ ይለምድሻል» አሏት። አፏን ይዛ ቀረች።

ግን አንድ ነገር አልደብቃችሁም። በመጀመሪያው ሳምንት ሽማግሌውን ውሃ የሚያጠጧቸው በሌላ ጣሳ ነበር። እጀታው የወለቀ ጣሳ፤ ለብቻው ምስማር ላይ ይሰቀላል። ማንም ክፉ አልተናገረም። ጣሳው ብቻ ተለየ። ታምሬ በየቀኑ ያንን ጣሳ ያያል። በየቀኑ ከሌላው ጣሳ ይጠጣል። ሽማግሌው የሚያድሩት በዘበኛው ዳስ ነው። የልጃቸው ቤት ከዚያ የድንጋይ ውርወራ ያህል ነው።

አንድ ቀን ታምሬ ሳያስበው ከጉድጓዱ ስንጥር አወጣና በአውራ ጣቱ ላይ አጠፈው።

«ውይ!» አለች እትዬ ዝናሽ። «አንተ ደግሞ ይህን የት ተማርከው? ልክ እንደ አባባ ወዳጆ!»

ስንጥሩን እንደ እሳት ጣለው።

ክምሩ በተከመረ በስድስተኛው ቀን እትዬ ዝናሽ እጇን ከተተችና «አቃጠለኝ!» ብላ ጮኸች። ሁሉም ሮጦ መጣ። ሁሉም እጁን ከተተ። እየተቃጠሉ ይስቃሉ፤ እየሳቁ ያለቅሳሉ። ያን ቀን እትዬ ዝናሽ ምስማሩ ላይ ያለውን ጣሳ አውርዳ ወንዝ ውስጥ ወረወረችው። በራሷ ጣሳ ውሃ ቀድታ ለሽማግሌው በሁለት እጇ ሰጠቻቸው። ደግ አደረገች። ዘግይታ ነው፤ ግን ደግ አደረገች።

በማግስቱ ሽማግሌው ዱላቸውን ይዘው ወደ ሀገራቸው ሄዱ። ታምሬ ገበያ ሄጃለሁ ብሎ ጠፍቶ ነበር።

አራቱ ወር ሲሞላ የማዘጋጃ ቤቱ ኮሚቴ መጣ። ክምሩ ጠቁሮ፣ ደቅቆ፣ የዝናብ አፈር ይሸታል። ሰብሳቢው በእፍኙ አንሥቶ አሸተተ። መሬቱ የእናንተ ነው አለ። እልልታው ቀለጠ።

«ለመሆኑ ይህን ዘዴ ከማን ተማራችሁት?» አለ ሰብሳቢው።

ሁሉም ሊቀመንበሩን አየ። አያችሁ? በሩ እንደገና ገርበብ አለ።

«ከባለሙያዋ» አለ ታምሬ።

«ኧረ ከእኔ አይደለም!» አለች ትርንጎ። «ከአባባ ወዳጆ ነው።»

«እሳቸው ናቸው እንጂ!» አለች እትዬ ዝናሽ። «ታምሬ፣ የሄዱ ዕለት ስንቅ ይዤ እስከ ድልድዩ ሸኝቻቸው ነበር። ‹አባባ፣ ልጅ የለዎትም ወይ?› ብላቸው ‹አንድ አለኝ› አሉኝ። ስሙን ብጠይቅ ታምሬ ነው። ሞክሼህ ነው እኮ!» ሳቀች። «‹ታዲያ የት ነው ያለው? ለምን አያግዝዎትም?› አልኳቸው። ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? ‹ገና አልለፋም› አሉኝ። ‹ይቆያል እንጂ ይለፋል› ብለው ሄዱ። እንዲህ ብሎ አነጋገር አለ?»

ይህን ብላ ቀና ብላ ታምሬን አየችው። ሳቋ ፊቷ ላይ ቀስ እያለ ጠፋ።

ሰብሳቢው ወረቀቱን ዘርግቶ «ሊቀመንበር ታምሬ ገብረሕይወት!» ብሎ ተጣራ። ደግሞ ተጣራ። ሰውየው እዚያው ቆሟል፤ በዓይኑ ያያል፤ አቤት ማለት ግን አቃተው። የሱቅ በር ሲጠሩ የሚሰማው ሰው መስሎ ቆመ። ፊቱ እስከ አንገቱ ቀላ። በሰው ሁሉ መካከል አለፈና ወደ ድልድዩ ሄደ።

መንገዱን ሙሉ ያሰላስል የነበረው ያንን መምህር ነው። ሠላሳ ዓመት የጠላቸውን። መምህሩ መስኮት አጠገብ ነው ያስቀመጡት። እሱ ግን አባቱን የት አስቀመጠ? መምህሩ አየር ይግባ ነው ያሉት። እሱ ግን አባቱ በቆሙበት፣ እጃቸውን በእጁ ይዞ፣ ሞተዋል አለ። ከሁለቱ ማን ይከፋል?

ሲደርስ ሽማግሌው ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው፣ ጀርባቸውን ሰጥተው ቆዳ ይወጥራሉ። መንደርተኛው ከየደጁ ያያል።

«ማን ልበል?» አሉ ሳይዞሩ።

«ታምሬ» አለ።

«የማን ልጅ?»

«የእርስዎ» አለ በለሆሳስ።

አረፋ ሲፈነዳ የሚሰሙት፣ ሹክሹክታ ከወዲያ ማዶ የሚለቅሙት ሽማግሌ እጃቸውን ጆሯቸው ላይ አደረጉ።

«አልሰማሁም። ጆሮዬ ደክሟል። ጮክ በል!»

ጮኸ። በመንደሩ መካከል ቆሞ፣ ልጅ አዋቂው እየሰማ፣ «ታምሬ ወዳጆ! የቆዳ አልፊው የወዳጆ ልጅ!» ብሎ ጮኸ። ያን ጊዜ ዞሩ። አላቀፉትም፤ አልሳሙትም። ወደ ጉድጓዱ ጠቆሙት።

«በል እጅጌህን ሰብስብ። ውሃው ደርሶ እንደሆነ እየው» አሉት።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ።

እዚህ መካከል ጣሳ የለየ አለ። ስሙን አልጠራም፤ ራሱን ያውቃል። ሰው አጠገቡ ሲቀመጥ ጠጋ ማለት አስመስሎ የራቀ አለ። ያ ሰው እስከ ዛሬ እንደሚያስታውሰው ታውቃላችሁ? እናንተ በማግስቱ ረሳችሁት። እሱን ሠላሳ ዓመት በላው።

የተናቃችሁም አላችሁ። እናንተን ደግሞ እጠይቃለሁ፤ የተናቃችሁበትን ይዛችሁ ማንን ናቃችሁ? አባትህ ምን ይሠራሉ ሲሉህ «ጡረታ ላይ ናቸው» አላልክም? እናትሽ መንገድ ዳር ከሰል ስትሸጥ አይተሽ በሌላ መንገድ አልዞርሽም? የልጃችሁ ምርቃት ፎቶ ላይ ዳር የቆመው፣ ግማሽ ፊቱ የተቆረጠው ሰው ማን ነው?

ለፋሁ ትላላችሁ። ለቤቴ ለፋሁ፣ ለልጆቼ ለፋሁ፣ ለእግዚአብሔር ቤት ለፋሁ። እውነት ነው፤ ለፋችሁ። ለፋችሁ እንጂ አልለፋችሁም! ቂማችሁ በገባበት ቀን እንደነበረው ነው። ጸሎት ሲፈስበት ከላይ ከላይ ይወርዳል። ጾም ይጫንበታል፤ አይሞቅም። እስቲ እጃችሁን ከታችሁ ልባችሁን ዳስሱት። ይግላል? ወይስ ይቀዘቅዛል?

የሚያለፋውስ ውሃ የትኛው ነው? ደስ የሚል ውሃ አይምሰላችሁ። የአመድ ውሃ ነው። ይሸታል፤ ያቃጥላል። ስሙ እፍረት ነው። ከሱ ሸሽታችሁ የትም አትበሰብሱም፤ ለማንም አፈር አትሆኑም።

ዛሬ ከዚህ ስትወጡ ወደ ካዳችሁት ሰው ሂዱ። መንገዱ ግማሽ ቀን ቢሆንም ሂዱ። ማን ልበል ይሏችኋል። ስማችሁን ከነአባታችሁ ተናገሩ። ድምፃችሁ ከጉሮሯችሁ አልወጣ ይላል፤ እነሱም ጆሯችን ደክሟል ይሏችኋል።

አትመኑ፤ ሰምተዋል።

ግን ጮክ በሉ።